ለደጊቱ የሚነበብ

ቶክዮ፣ ኅዳር 14 ቀን 1946 ዓ.ም.

ለየኔታ ወልደማርያም
ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ

የኔታ፣ ከሩቅ ሆኜ እጅ እነሳለሁ። ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ ለብቻዎ ይዩት፤ ከዚያ እናቴን ደጊቱን ከደጃፍ ፀሐይ ላይ አስቀምጠው ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡላት። ቀስ ብለው ያንብቡ እንጂ። እርስዎ ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ እንኳ «ወንድሜን ሰው ያሳድደዋል ወይ?» ትል እንደነበር አልረሳሁትም።

አይዟችሁ፣ ኮሪያ አይደለሁም። ጦርነቱ በሐምሌ ቆሟል። ጓደኞቼ ተለዋጭ እስኪመጣላቸው እዚያው ናቸው፤ እኔን ግን ትንሽ እንግሊዝኛ ስለምሞካክር ቶክዮ ወደሚባለው የጃፓን ዋና ከተማ ልከውኛል። የቆሰሉ ልጆቻችን በተኙበት ሆስፒታል አስተርጓሚም አልጋ አንጣፊም ሆኛለሁ። የማስተረጉመው ከሞላ ጎደል «እዚህ ጋ ያመዋል» የሚለውን ነው።

እናቴ ስትሸኘኝ «እኔ ከአርብ ገበያ አልፌ አላውቅም፤ ያየኸውን ሁሉ ንገረኝ፣ ባንተ ዓይን ልይ» ብላኛለች። እንግዲህ ትስማ። እሑድ እሑድ መቆም የቻሉትን ቁስለኞች በአውቶቡስ ጭነው ከተማውን ያሳዩናል። ባለፈው እሑድ የንጉሣቸውን ግቢ ለማየት ሄድን፤ አየን ለማለት ግን አፌ አይደፍርም። ግቢውን ዙሪያውን ውኃ ከብቦታል። ከውኃው ማዶ የድንጋይ ካብ፣ ከካቡ በላይ ዛፍ፣ በዛፉ መካከል ደግሞ ነጭ ግንብ ብልጭ ይላል። ሰው ሁሉ ከድልድዩ ወዲህ ቆሞ ይቀራል። ከገጠር የመጡ ባልቴቶች ጉልበታቸውን እየያዙ ወርደው፣ ወደ ድልድዩ ጎንበስ ብለው እጅ ነስተው ተመለሱ። ንጉሡን አላዩትም። ፊታቸው ግን የፈካ ነበር፤ እንዳየ ሰው ደስ ብሏቸው ሄዱ።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልግባ። የእናቴ ውጋት እንዴት ነው? የመመለሻ ተራዬ ግንቦት ነው። ካመማት ግን አመማት ብለው ይጻፉልኝ፣ አለቆቼን ለምኜ ቀድሜ እመጣለሁ። ደህና ሳትሆን ደህና ናት እንዳይሉኝ፣ በያዙት መስቀል።

ልጅዎ ዋለ

ታች ጋይንት፣ ጥር ፳፬ ቀን ፲፱፻፵፮ ዓ.ም.

ልጃችን ዋለ፣ ወረቀትህ እስከ ደብረ ታቦር በፖስታ፣ ከዚያ ወዲህ በጨው ነጋዴው በሙጬ አህያ ተጭኖ፣ ጥቂት ጨው ጨው እየሸተተ ደርሶናል። እኔ እጽፋለሁ፣ እናትህ ከጎኔ ተቀምጣ ታዝዛለች። «ያልሁትን ጻፍ፣ ያላልሁትን እንዳትጨምር» ብላኛለችና ድጓ አስተማሪነቴ ለዛሬ ቀርቷል፤ ጸሐፊ ነኝ።

እንዲህ ትላለች። ልብስህን ማን ያጥብልሃል? ሰዎቹ ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ ወይ? ካልጾሙ አንተ ከማን ጋር ትጾማለህ? ብቻውን የሚጾም ሰው ይሰንፋልና ጓደኛ ፈልግ። ብርዱ እንደ ጉና ነው ወይስ ይብሳል? ጥርስህ ዳነ? እኔ «ስለ ከተማው ጠይቂው እንጂ» ብላት «ከተማውን እሱ ያያል፣ እሱን የሚያየው ማነው?» አለችኝ።

ከዚያ «ንጉሡ እናት አለችው ወይ?» አለች። «ካለችው እሷም ከድልድዩ ወዲህ ቆማ ነው የምታየው?» ይህን አልጽፍም፣ የንጉሥ ነገር ነው አልሁ። «ጻፍ» አለች። ጻፍሁ።

ስለ ጤናዋ፦ እሷ «ደህና ናት በለው» ትላለች። አንተ ደግሞ በመስቀል ገዝተኸኛል። በሁለታችሁ መካከል እንዳልቀደድ፣ ውጋቱ ይመጣል ይሄዳል፣ ጠዋት ጠዋት ያስላታል ብዬ ጽፌአለሁ። «ምን ብለህ ጻፍህ?» ስትለኝ «ደህና ናት» አልኋት። ቀድመህ ለመምጣት ያሰብኸውን ግን አልወደደችውም፦ «እንደ ሰው በተራው ይምጣ፣ አለቃ አይለምን። ግንቦት ግን ግንቦት ነው። አንድ ቀን ቢያሳልፍ አላናግረውም።»

እኅትህ ውዴ አርግዛለች። ገብሱ ዘንድሮ ደህና ነው። ሰማይና ምድርን ያጸና አምላክ አንተንም ያጽናህ።

አጎትህ መሪጌታ ወልደማርያም

ቶክዮ፣ መጋቢት 6 ቀን 1946 ዓ.ም.

የኔታ፣ እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ። ልብሴን የሚያጥበው መኪና ነው፤ ሰው አዝራር ይጫንበታል እንጂ እጁን አይነክርም። ጥርሴ ዳነ። የጾም ጓደኛ አግኝቻለሁ፣ ካሴ የሚባል የስማዳ ልጅ፣ የወገዳ ሰው ነው። አንድ እጁን ኮሪያ ትቶታል። ወጥ ቤቶቹ «ወተት ካልጠጣ አይድንም» ይላሉ፣ እሱ «ስድን እጠጣለሁ» ይላል፣ እኔ በመካከል አስተረጉማለሁ።

ስለ ንጉሡ እናት አንዲት ጃፓናዊት ነርስ ጠየቅሁ። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ሥራዋን አቁማ ተመለከተችኝ። አርፋለች፣ ሦስት ዓመት ሊሆናት ነው አለችኝ። እናቴ ይህን ስትሰማ እንዳይከፋት ቀስ ብለው ይንገሯት። ጠይቅልኝ ያለችኝን ሳልመልስ ብቀር ግን አትምረኝም።

እስካሁን ካየሁት ሁሉ የባሰ ያሳፈረኝን ልንገራችሁ። ኡኤኖ በሚባል ሰፈር ሙዚየም አለ፣ ቤተ መዘክር ማለት ነው። ገና ከበሩ ስንገባ ከእንጨት የተቀረጸ፣ ወርቅ የተቀባ፣ ሰው የሚያህል የቡድሃ ምስል ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። እኔ ሳላስብ ጫማዬን አውልቄ ያዝሁ። የኛ ልጆች ሳቁብኝ። «አንተ፣ ይሄ እኮ መቅደስ አይደለም፣ ዕቃ ቤት ነው» አለኝ ካሴ። እውነቱን ነው፤ ቲኬት ቆርጠው የሚገቡበት፣ ማንም የማይጸልይበት ቤት ነው። ጥግ ላይ የቆመው ሽማግሌ ዘበኛ ግን አልሳቀም። መጣና ጫማዬን ከእጄ ተቀብሎ ከወንበሩ ሥር አስቀመጠልኝ። እስክንወጣም ጠበቀልኝ። ያ ምስል ከሰው ተለይቶ በመስተዋት ውስጥ ብቻውን ቁጭ ብሎ ሳየው፣ የኔታ ይቅር ይበሉኝ፣ አሳዘነኝ።

የባሰም አለ። አሳኩሳ የሚባል የታወቀ የቡድሃ መቅደስ ወሰዱን። ትልቁን ቤት ጦርነቱ አቃጥሎት እንደገና እየሠሩት ነው፤ ሰው ግን አልቀረም፣ እንደ ገበያ ቀን ይተማል። ከደጁ ትልቅ የናስ ጋን የሚያህል ማጠኛ አለ። በሽተኛ ሁሉ ጢሱን በእጁ እየዘገነ የሚያመውን ያሻል፤ ጉልበቱን ያመመው ጉልበቱን፣ ራሱን ያመመው ራሱን። ቆሜ እያየሁ እጄ መቼ እንደሄደ አላውቅም። ዘግኜ የግራ ጎኔን አሸሁ። እኔን ጎኔን አያመኝም። ማንን እንደሚያማት እርስዎ ያውቃሉ። ለነፍስ አባቴ ይንገሩልኝ፣ ቅጣቴን እቀበላለሁ። ለእናቴ ግን ይህን አያንብቡላት።

አንድ ነገር ላማክራችሁ። የሆስፒታሉ ሰዎች ስድስት ወር ብቆይ ቁስል ማሰርና መርፌ መውጋት አስተምረው ወረቀት እንደሚሰጡኝ ነግረውኛል። ለአገራችን ድሬሰር ማለት ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ሆኖም ግንቦት ብላኛለች። ያለ እሷ ፈቃድ አልፈርምም።

ዋለ

ታች ጋይንት፣ ሚያዝያ ፳፭ ቀን ፲፱፻፵፮ ዓ.ም.

ዋለ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። ዘግይቼ ጽፌአለሁ፣ ዓይኔ ትንሽ አስቸግሮኝ ነው።

ስለ ጢሱ ለነፍስ አባትህ ነግሬአለሁ። ጣዖት የታጠነበትን መታጠን ንስሓ ያስገባል ብለዋል። ለማን ብለህ እንዳደረግኸው ስነግራቸው ግን ወደ ውጭ አዩና «ስግደት ይጨምር፣ ሌላ አልፈርድበትም» አሉ።

ስለ እናትህ ልብህን አሳርፍ። ከእንግዲህ ውጋቱ አያስቸግራትም። ስለ ስድስቱ ወር የጠየቅኸውንም መልሱን ልንገርህ፤ «ይቆይ፣ ሙያ ይዞ ይምጣ፣ አይቸኩል» ብላለች። ስለዚህ ፈርም።

ደግሞ እንዲህ ስትል ትጠይቅሃለች፦ ከቤተ መዘክሩ ያለው ምስል ዕድሜው ስንት ነው? ከምን እንጨት ተቀረጸ? እንጨቱን ብል እንዳይበላው ምን ይቀቡታል? የሚሠሩት መቅደስ ምሰሶው በሚስማር ነው ወይስ በማጋጠም? ካህናቱ ሲያዜሙ በመጽሐፍ ነው ወይስ በቃል? ዜማው ምልክት አለው ወይ? ካለው በምን ቀለም ይጻፋል?

ውዴ ደህና ናት፣ በሰኔ ትወልዳለች። አዳነ ባሏ ማሳችሁን ሁለቴ አርሶታል። ሁሉም ሰላም ብለውሃል።

ወልደማርያም

ቶክዮ፣ ሰኔ 1 ቀን 1946 ዓ.ም.

የኔታ፣ ፈርሜአለሁ። ግንቦት አለፈ፤ ጓደኞቼ በመርከብ ሄዱ፣ ካሴም ሄደ። የምመለሰው እንግዲህ በጥቅምት ነው። የአገሬ ሰው የሚባል አሁን እዚህ አጠገቤ የለም።

ምስሉ ከምን እንጨት እንደተቀረጸ ጠይቄአለሁ፤ በእኛ ዘንድ የሌለ የጽድ ዘመድ ነው። ዕድሜው ከሺህ ዓመት ያልፋል። ዜማቸው ምልክት አለው፣ በጥቁር ቀለም ይጻፋል። ይህ ለእርስዎ ነው።

የኔታ፣ እናቴ ከመቼ ወዲህ ስለ ብል ትጠይቃለች? ቤታችንን ምስጥ ሲበላው እንኳ «እሱም እግዜር የፈጠረው ነው» ብላ ያለፈች ሴት ናት። እሺ፣ እድሜ አመጣው ልበል። «አንድ ቀን ቢያሳልፍ አላናግረውም» ያለችው ሴት ስድስት ወር ስትለቅልኝስ? እሺ፣ ስለ ሙያው ብላ ነው ልበል። ፈርሜ ስወጣ ግን ደስ አላለኝም፤ የሰው ዕቃ ይዤ የወጣሁ መሰለኝ።

ከሁሉ የቸገረኝ የንጉሡ እናት ነገር ነው። እሷው ናት የጠየቀችኝ። ሞታለች ብዬ ጻፍሁላችሁ። የእኔ እናት፣ የማታውቀው መንገደኛ «እናቴ ሞተች» ቢላት ነጠላዋን ዘቅዝቃ የምትቀመጥ ሴት፣ ይህን ሰምታ አንዲት ቃል ሳትናገር ስለ ምሰሶ ሚስማር ጠየቀች? ወይስ አላነበቡላትም? እንዳይከፋት ብለው ትተውት ከሆነ ደግ አድርገዋል።

ብዙ አልጠይቅም። ስትናገረው የሰሟትን አንዲት ቃል ብቻ ይጻፉልኝ። ስለ ምንም ይሁን። ስድብም ቢሆን።

ዋለ

ታች ጋይንት፣ ሐምሌ ፯ ቀን ፲፱፻፵፮ ዓ.ም.

አንተ ልጅ! ፊደል ያስቆጠርሁህ እኔ ነኝ። ሽማግሌ አጎትህን እንደ ተከሳሽ ቃሉን ከቃሉ እያጋጨህ ትመረምረኛለህ? እናትህ ስለ እንጨት ብትጠይቅ ምን ነውር አለው? ሰው እስኪሞት ይማራል። ጃፓኖች ለቁስል መድኃኒት ያስተምሩሃል ብዬ ነበር፤ ነገረ ፈጅነት ነው እንዴ የተማርኸው?

ውዴ በሰላም ተገላግላለች፣ ሴት ልጅ ናት። ክርስትናዋ ነሐሴ ላይ ነው፤ ስሟን ገና አላወጣንም፣ እኅትህ አንተን እንጠብቅ ትላለች። ዝናሙ ከባድ ነው። ከበላያችን ያለው ገደል ተንዶ የጎረቤታችንን የመንገስቴን ገብስ ወስዶበታል። ጎረቤቱ ሁሉ ደቦ ወጥቶ አፈሩን ጠረግንለት፣ እኔም ወጣሁ፣ ከመጥረግ ይልቅ አጉረመረምሁ።

የጻፍሁትን መልሼ አነበብሁት። ተቆጥቼሃለሁ፣ ይቅር በለኝ። ብራና አይደለምና ፍቄ አልጽፈውም፣ ወረቀቱም ሌላ የለኝም።

ያልኸኝን አንዲት ቃል ፈለግሁ። ሦስት ጊዜ ብዕሬን ነክሬ አደረቅሁት። አልመጣልኝም፣ ዋለ። ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

ወልደማርያም

ቶክዮ፣ ነሐሴ 18 ቀን 1946 ዓ.ም.

የኔታ፣ ደብዳቤዎ ደርሶኛል። የተቆጡት አልከፋኝም። ይልቅ የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች ደጋግሜ አነበብኋቸው።

ባለፈው እሑድ ከአውቶቡሱ ጋር አልሄድሁም። ነርሷ በእግሬ ልሂድ ስላት አንድ ቤተ ክርስቲያን አመለከተችኝ። ከኮረብታ ላይ ነው፣ ከሥሩ ወንዝና ባቡር ያልፋል፤ ጉልላቱ ክብ ነው፣ መስቀል አለው። የሩስያ መነኩሴ የመሠረተው የኦርቶዶክሳውያን ነው አሉኝ። ከእኛ ሃይማኖት በምን እንደሚለይ ክርክሩን ለእርስዎ ትቼዋለሁ። የእመቤታችንን ሥዕል ካየሁ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነበርና እግሬ ብቻውን ሄደ። ጫማዬን ከደጅ አወለቅሁ። እነሱ አያወልቁም፤ ማንም ግን አልሳቀም።

ከበሩ አጠገብ አንዲት ባልቴት ሻማ ትሸጣለች። ለእናቴ ብዬ አንድ ገዛሁ። ሰው ሲያበራ ያየሁት ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ከእመቤታችን ሥዕል ፊት ነው፣ ከፍ ያለ መቅረዝ። ሌላው ከጥግ ነው፣ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ መስቀል ቆሞበታል። ጥጉ ጸጥ ያለ ስለሆነ ወደዚያ ሄድሁ። ባልቴቷ እየተንደረደረች መጥታ እጄን ያዘችኝ። ቋንቋዋን አላውቅ፣ ቋንቋዬን አታውቅ። በምልክት ነገረችኝ። ወደ ከፍተኛው ጠቆመችና ቀጥ ብላ ቆማ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተነፈሰች። ወደ ዝቅተኛው ጠቆመችና ዓይኗን ጨፍና እጆቿን አመሳቀለች። ከዚያ የትኛው ነው ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

ገባኝ። አንዱ ለሕያዋን ነው፣ አንዱ ለሙታን።

የኔታ፣ ቀላል ጥያቄ ነው። ሕፃንም ይመልሰዋል። እኔ ሻማውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ወደ ላይኛው ልሂድ ስል እግሬ እንቢ አለኝ። ወደ ታችኛው ልሂድ ስል፣ በሕይወት ካለች ምን ዓይነት ልጅ ነኝ አልሁ። እንባዬ መጣ። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም። እጅጌዬን ይዛ ከአግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና እሷም አጠገቤ ተቀመጠች። ሻማ ሊገዙ የመጡ ሰዎች ጠበቋት፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ አልተነሣችም። ሻማዬን ሳላበራው ይዤ ወጣሁ።

እንግዲህ የምለምንዎት አንድ ነው። አይጻፉልኝ። እውነቱንም አይጻፉ፣ ከእንግዲህ ከእናቴ ሰላምታም አይላኩልኝ። መርዶ በወረቀት አይነገርም፣ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፤ በባዕድ አገር ያለ ዘመድ የሚያለቅስ ሰው ያብዳል ይባላል፣ እውነት ነው። እዚህ ማን ይዞኝ ያለቅሳል? ካሴ እንኳ ሄዷል። ለዚህ ብለው እንደዋሹኝ አውቃለሁ፣ አልቀየምሁም። በእርስዎ ቦታ ብሆን እኔም አደርገው ነበር፤ ስለ ብል ግን አልጠይቅም ነበር።

በኅዳር መጀመሪያ እደርሳለሁ። በመንገድ የሚያገኘኝን ሰው ሁሉ ያስጠንቅቁልኝ። እናቴ እንዴት ናት ስል «ደህና ናት» ይበለኝ። እኔም አምኜ እንደመጣ ሰው እገባለሁ። ከዚያ እንደ ወጉ አድርጉት። ወገን እንዳለው ሰው ልረዳ፣ እርሜን ከሰው መካከል ላውጣ። እስከዚያ ድረስ አላውቅም። ተሳስቼ ከሆነም፣ በመጣሁ ቀን ከደጃፍ ቁጭ ብላ ትስደበኝ።

ልጅዎ ዋለ

ታች ጋይንት፣ መስከረም ፲፰ ቀን ፲፱፻፵፯ ዓ.ም.

ልጄ ዋለ፣

ደብዳቤህን ለብቻዬ፣ ከቤተ ልሔሙ ጀርባ ተቀምጬ አነበብሁት። ተማሪዎቼ «የኔታ ዓይናቸውን ጢስ ገባባቸው» እያሉ ሲንሾካሾኩ ሰማኋቸው። ይበሉ።

ያልኸው ይሆናል። ከዛሬ ጀምሮ ስለዚያ ነገር አንዲት ፊደል አልጽፍም። ለገበያተኛውም ለመንደሩም ተነግሯል። ከንፋስ መውጫ እስከ እኛ ደጅ ማንም ቢያገኝህ በፈገግታ ይሸኝሃል። ብዙዎቹ ፈገግታው እንደማይሆንላቸው ነግረውኛል፤ አንተ ፊታቸውን አጥብቀህ አትይ።

ስትደርስ ወደ እናትህ ቤት አትሂድ። ጣሪያው ይታደሳል፣ ለጊዜው ከውዴ ዘንድ ትደር እንላለን፤ እሺ በል፣ ለምን አትበል። እኅትህ ራት ታቀርብልሃለች። ብላ። ከጎንህ ተቀምጣ ሕፃኗን እያጠባች ስለ ጃፓን ትጠይቅሃለች፤ ድምፅዋ ቢሰበር ልጅ አደከማት ብለህ እለፈው። አዳነ ከደጅ ይተኛል፣ እንደ ድንገት ነው፣ አትጠይቀው። ስለ መቅደሱም ስለ ቤተ መዘክሩም ያሰኘህን ያህል ተርክላቸው፤ ያን ሌሊት የሚያስፈልገን የሚያወራ ሰው ነው።

ጎህ ሊቀድ ሲል እንመጣለን። ካህናቱ፣ የነፍስ አባትህ፣ የአባትህ ወገኖች ከእስቴ፣ ወገዳም ልኬበታለሁ፣ ካሴ «በአንድ እጄም ቢሆን ይዤው አለቅሳለሁ» ብሏል። ዝም ብለን ነው የምንመጣው። ውሻው ይጮኻል፣ አንተ እንዳልሰማህ ሁነህ ተኛ።

የምናገረው እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ «አንተ ወንድሟ ነህ፣ አንጀትህ አይችልም፣ ለሌላ ስጥ» ብለውኛል። አልሰጥም። ከሚያዝያ ጀምሮ ሐሰቱን በእጄ የጻፍሁልህ እኔ ስለሆንሁ እውነቱንም ከአፌ ትሰማዋለህ።

በሩን አትቀርቅረው።

አጎትህ ወልደማርያም